«ሁልጊዜ» የማን ነው? «እኔ»ስ ማነው?

ጥያቄው፦ «በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ካርቶን ጎድሎ ስለተገኘ አለቃዬ የጥበቃውን ቃል ተቀብዬ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እንዳደርግ አዘዘኝ። ጥበቃው ‹ሁልጊዜ በሩን እቆልፋለሁ› አለኝ። እኔም ‹ዘ ጋርድ ሴድ ሚ ኦልዌይስ አይ ሎክ ዘ ዶር› ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በቀይ አስምሮበት ‹በሩን የምትቆልፈው አንተ ነህ እንዴ?› ብሎ መለሰልኝ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ‹ኦልዌይስ› መጀመሪያ ላይ አይገባም? ደግሞ ‹ሴድ› ካልኩ በኋላ ግሡ ሁሉ ወደ ኃላፊ ጊዜ መለወጥ አለበት የሚባለው እውነት ነው?»

አለቃህ ያነሳብህ ነገር ተራ የሰዋስው ለቀማ አይደለም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያንን መስመር ቢያነብ፣ በሩን የሚቆልፈው ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ነው ብሎ ነው የሚረዳው። ማለትም አንተ። ካርቶን በጎደለበት መጋዘን ደግሞ በሩን ማን ይቆልፋል የሚለው ዋናው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወደ «ኦልዌይስ» ከመሄዳችን በፊት «አይ»ን እናስተካክል። እንግሊዝኛውን አንተው እንዳደረግከው በፊደላችን እጽፈዋለሁ።

ስህተቱ የመጣው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። በአማርኛ በትክክል አስበህ ያንኑ ስላሻገርከው ነው። አማርኛ የሰውን ንግግር ሲያቀብል ከተናጋሪው አፍ እንደወጣ ያቀብላል። «እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማንም አይምታታበትም። «አለ» መጨረሻ ላይ ቆማ «እስካሁን የሰማኸው የሱ ቃል ነው» ትለናለች። ትእምርተ ጥቅስ ባናደርግም «አለ» ራሷ ሥራውን ትሠራለች። እንግሊዝኛ ግን ይህን የሚፈቅደው ትእምርተ ጥቅስ ከተደረገ ብቻ ነው። ምልክቱ ከሌለ «አይ» ማለት ጸሐፊው ነው። አለቀ።

ደግነቱ አማርኛ ሁለተኛ መንገድ አለው። «እንደሚመጣ ነገረኝ» እንላለን። እዚህ ጋ «እመጣለሁ» ጠፍቶ «እንደሚመጣ» ገብቷል፣ ሰውየው ከ«እኔ» ወደ «እሱ» ዞሯል። እንግሊዝኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የጥበቃውን ቃል በዚህ መንገድ በለው፤ «ሁልጊዜ በሩን እንደሚቆልፍ ነገረኝ»። አሁን ተርጉመው፤ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ኦልዌይስ ሎክስ ዘ ዶር»። «እንደ» የ«ዛት»ን ቦታ ያዘ፣ «ነገረኝ» «ቶልድ ሚ» ሆነ፣ «አይ» በራሱ ጊዜ «ሂ» ሆኖ መጣ። የግሡን ጊዜ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለህ ብባል ይህንን ያዝልኝ፤ የሰው ንግግር በእንግሊዝኛ ከመጻፍህ በፊት በጭንቅላትህ ያለውን «አለ» ወደ «እንደዚህ መሆኑን ነገረኝ» ቀይረው፣ ከዚያ ተርጉም። ዓመታት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ አቋራጭ አላገኘሁም።

«ሴድ ሚ» ያስባለችህ ደግሞ «አለኝ» ላይ ያለችው «ኝ» ናት። አማርኛ «አለኝ» ላይም «ነገረኝ» ላይም «ኝ»ን እኩል ይለጥፋል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። «ቴል» ሰሚውን ወዲያው ማስከተል ይፈልጋል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ግን ሰሚን በቀጥታ አይሸከምም። ወይ ሰሚውን ትተወዋለህ፣ «ሂ ሴድ ሂ ወዝ ሲክ»፤ ወይ «ቱ» ታስገባለህ፣ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። «አስረዳኝ»ም ያው ወጥመድ አለው። «ሂ ኤክስፕሌንድ ሚ» አይባልም፣ «ሂ ኤክስፕሌንድ ኢት ቱ ሚ» ነው። እውነት መናገር፣ ውሸት መናገር፣ ታሪክ መናገር በመሳሰሉት ጥቂት አገላለጾች ላይ ብቻ «ቴል» ያለ ሰሚም ይቆማል። «ቴል ዘ ትሩዝ» ይባላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። «አለ» ሁሉ ንግግር አይደለም። «መኪናው አልነሳ አለኝ»፣ «ልጁ አልበላ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» እንላለን። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ቁልፉ አልዞር አለኝ» የሚለውን ተርጉሙ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እስክሪብቶውን ነክሶ ብዙ ቆየ። «ዘ ኪ ሴድ» ብሎ ጀመረ፣ ሰረዘ። እንደገና ጻፈ፣ አሁንም ሰረዘ። አጠገቡ ስደርስ ወረቀቱ ከስርዝ ብዛት ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። መሰረዙ ግን ልክ ነበር፣ የሆነ ነገር እንዳልገጠመ ጆሮው ነግሮታል። ቁልፍ አይናገርም። እንግሊዝኛ ለዚህ «ዉድንት»ን ይጠቀማል፤ «ዘ ኪ ዉድንት ተርን»። ሰው ከሆነ «ሪፊውዝድ» ይመጣል፤ «ሂ ሪፊውዝድ ቱ ሳይን»። መጋዘን ውስጥ «ፈርም ብለው አልፈርም አለ» የሚል ነገር አይጠፋም። ሰውየው በአፉ ተናግሮም ይሁን ወረቀቱን ገፍቶ ዝም ብሎ ሄዶ «ሪፊውዝድ» ለሁለቱም ይሆናል። «ሴድ» ግን ቃል ከአፉ ካልወጣ አይሆንም። ይህንን ሳትለይ ከጻፍክ ሰውየው ያላለውን እንዳለ አድርገህ መዘገብክ ማለት ነው።

ትእዛዝና ጥያቄ ቶሎ ይታለፋሉ። «ና አለኝ» ሲሆን «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ከም»። «አትምጣ አለኝ» ሲሆን «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ከም»፣ «ሂ ቶልድ ሚ ዶንት ከም» አይደለም። ጥያቄ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የጥያቄነት ቅርጹን ይጥላል። «የት ነው የምትኖረው ብሎ ጠየቀኝ» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል፣ «ዱ» የምትባለዋ ቃል ትወድቃለች። «ቆልፈሃል ወይ» የሚል የአዎ ወይም የአይ ጥያቄ ከሆነ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል፤ «አይ አስክድ ሂም ኢፍ ሂ ሃድ ሎክድ ዘ ዶር»።

አሁን ወደ ግሡ ጊዜ። «ሴድ ካለ ሁሉም ወደ ኃላፊ ይሄዳል» የሚለው ለፈተና የተጠረበ ሕግ ነው፣ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አቀባዩ ግሥ በአሁን ጊዜ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሂ ሴይስ» ካልክ፣ ምንም አይለወጥም። የተነገረው ነገር አሁንም እውነት ከሆነ መለወጥ ግዴታ አይደለም። መምህሩ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ቢል፣ እኔ ትናንት ብሎ ነበር ብዬ ስዘግብ ውኃው መፍላቱን አያቆምም። «ሹድ»፣ «ማይት»፣ «ዉድ» እንዳሉ ይቆያሉ። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ» መዞራቸው ግን የተለመደ ነው።

በአንተ ጉዳይ «ሎክስ» ወይስ «ሎክድ» የሚለው ሰዋስው ብቻ አይደለም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን «ሎክስ» ስትል ነገሩን አንተም እንደ እውነት የተቀበልከው ይመስላል። «ሎክድ» ስትል ቃሉን ለባለቤቱ ትተህ ራቅ ብለህ ትቆማለህ። ጉዳዩ ገና እየተጣራ ስለሆነ «ሎክድ» በል፤ «ዘ ጋርድ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ኦልዌይስ ሎክድ ዘ ዶር»። እሱ ነው ያለው፣ አንተ አላረጋገጥክም።

«ኦልዌይስ» መጀመሪያ ላይ አይገባም ወይ ላልከው፣ ትእዛዝ ካልሆነ አይገባም። «ኦልዌይስ ሎክ ዘ ዶር» ብለህ በሩ ላይ ብትለጥፍ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ለተራ ዓረፍተ ነገር ግን ቦታው መሀል ነው። አማርኛ «ሁልጊዜ»ን መጀመሪያ ላይ ሲያስቀምጥ አይቸገርም፣ ስለዚህ እጃችን ሳናውቀው ወደዚያ ይሄዳል። «ሰምታይምስ» እና «ዩዡዋሊ» መጀመሪያ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ተማሪው እነሱን አይቶ «ኦልዌይስ»ም ይቆማል ብሎ ያስባል። «ኔቨር» ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከገባ ተከታዩን ቃል ያገለብጣል፤ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» ይባላል። ይሄ ለንግግር መድረክ ያምራል፣ ለመጋዘን ሪፖርት አይሆንም።

መሀል ስል የት መሀል? ዋናው ግሥ ብቻውን ከሆነ ከፊቱ፤ «ሺ ኦልዌይስ ከምስ ሌት»። «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ወዝ» ከሆነ ከኋላው፤ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት»። ረዳት ግሥ ካለ ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ፤ «ሺ ሃዝ ኦልዌይስ ቢን ሌት»። አጭር መልስ ላይ ብቻ ረዳቱን ይቀድመዋል፤ «ዬስ፣ አይ ኦልዌይስ ዱ»። ሰው ሲቆጣ ወይም ድምፁን ሲያጠነክር «ሂ ኔቨር ኢዝ ኦን ታይም» ሲል ትሰማ ይሆናል። እሱ ስህተት አይደለም፣ ግን ስትጽፍ አትከተለው። «ኤቭሪ ዴይ» እና «ትዋይስ ኤ ዊክ» የመሳሰሉት ረዘም ያሉት ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ላርም። በየመማሪያ መጽሐፉ ሰንጠረዥ አለ፤ «ኦልዌይስ» 100 በመቶ፣ «ዩዡዋሊ» 80 ወይም 90፣ «ሰምታይምስ» 50 አካባቢ፣ «ኔቨር» 0። ሁለቱ ጫፎች ልክ ናቸው። መሀል ያሉት ቁጥሮች ግን ለማስተማር እንዲመች የተቀመጡ ግምቶች ናቸው፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍም ይለያያሉ። ለኦዲተር «ኦፍን» ብትለው ምንም አልነገርከውም። «በሳምንት ሁለቴ» በለው። ግን «ባይዊክሊ» የሚለውን ቃል ሽሸው። በሳምንት ሁለቴም በሁለት ሳምንት አንዴም ማለት ስለሚሆን እንግሊዞቹ ራሳቸው ይጣሉበታል። «ኤቭሪ ቱ ዊክስ» ብለህ ዘርዝረው።

አሉታ ላይ ስትደርስ ተጠንቀቅ። «ሁልጊዜ አይቆልፍም» የሚለው አማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንዳንዴ ይቆልፋል አንዳንዴ ይተዋል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ቆልፎ አያውቅም ማለትም ሊሆን ይችላል። በንግግር ጊዜ ድምፃችን ይለየዋል። እንግሊዝኛ በቃል ነው የሚለየው፤ «ሂ ዳዝንት ኦልዌይስ ሎክ ኢት» የመጀመሪያው ነው፣ «ሂ ኔቨር ሎክስ ኢት» ሁለተኛው። ይህን ካቀያየርክ አንድ ቀን የረሳን ሰው ሥራውን ጨርሶ የማይሠራ አድርገህ ልታቀርበው ነው። ሰው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።

ሌላው የድርብ አሉታ ጣጣ ነው። አማርኛ «በጭራሽ አልቆለፈም»፣ «ማንም አልመጣም»፣ «ምንም አላየሁም» ሲል አሉታው ግሡ ላይ የግድ መኖር አለበት። በእንግሊዝኛ «ኔቨር» አሉታውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። «ሂ ኔቨር ዲድንት ሎክ ኢት» ብትል ሳይቆልፍ ቀርቶ አያውቅም ወደሚል ይዞርብሃል። «ሬርሊ» እና «ሃርድሊ ኤቨር»ም እንደዚያው ናቸው፣ «ኖት» አትጨምርባቸው። በዚሁ መንገድ «ዲናይድ» የሚለው ግሥ በውስጡ አሉታ አለው። እኛ «አልወሰድኩም ብሎ ካደ» ስለምንል ብዙ ሰው «ሂ ዲናይድ ዛት ሂ ዲድ ኖት ቴክ ኢት» ይጽፋል። ይሄ ማለት ሰውየው አልወሰድክም መባሉን ካደ፣ ማለትም ወሰድኩ አለ ነው። ትክክሉ «ሂ ዲናይድ ቴኪንግ ኢት» ነው። እባክህ ይቺን አትርሳት። የሰውን ክህደት ወደ እምነት ቃል የምትቀይር ስህተት ናት።

የጠየቅካቸው ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበት ቦታ አሁን መጣ። «ሁልጊዜ በሩን እቆልፋለሁ ይላል» በል። «ሁልጊዜ» የየትኛው ግሥ ናት? የ«እቆልፋለሁ» ወይስ የ«ይላል»? አማርኛው ለሁለቱም ክፍት ነው። እንግሊዝኛ ግን ቦታ ያስመርጥሃል። «ሂ ሴይስ ሂ ኦልዌይስ ሎክስ ዘ ዶር» ካልክ ዘወትር የሚደረገው መቆለፉ ነው። «ሂ ኦልዌይስ ሴይስ ሂ ሎክስ ዘ ዶር» ካልክ ዘወትር የሚደረገው ማለቱ ነው፣ መቆለፉን እንጃ የሚል ጥርጣሬም ይሸታል። አንድ ቃል አንድ ርምጃ ፈቀቅ አለች፣ ሰውየው ከታማኝ ወደ ተጠርጣሪ ተቀየረ። የ«ኦልዌይስ» ቦታ የፈተና ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አቀባይ ቃላትን አታብዛ። የአማርኛ ዜና «ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አሳሰቡ» እያለ ይቀያይራል፣ ያምርበታልም። በእንግሊዝኛ «ሴድ» አስር ጊዜ ቢደጋገም ማንም አይሰለችህም። «ክሌምድ» ካልክ አላመንኩትም ማለት ነው፣ «አድሚትድ» ካልክ ጥፋተኛ አድርገኸዋል። «እንደገለጹት... ብለዋል» የሚለውን ልማድም እንዳለ አታሻግረው። «አኮርዲንግ ቱ ሂም» ካልክ «ሂ ሴድ» አያስፈልግም፣ አንዱ ይበቃል። ስለ ራስህ አስተያየት ደግሞ «አኮርዲንግ ቱ ሚ» አትበል፣ «ኢን ማይ ኦፒንየን» ነው። ጥበቃው አዛውንት ሆነው «አሉኝ» ብትል እንኳ እንግሊዝኛው «ሂ» ነው፣ አንቱታው «ዘይ» አይሆንም።

ትእምርተ ጥቅስ የምትጠቀም ከሆነ አስብበት። ምልክቱ «ቃሉ ይኸው፣ አልነካሁትም» ማለት ነው። ጥበቃው ግን በአማርኛ ነው የተናገረው፣ እንግሊዝኛው የአንተ ነው። ስለዚህ ያለ ጥቅስ በ«ቶልድ ሚ ዛት» ጻፈው። ክርክር የሚያስነሳ ቃል ካለ አማርኛውን እንዳለ ከሥር አስቀምጥ፣ ትርጉሙ ያንተ መሆኑንም ጠቁም።

ሰዓቱንም አትርሳ። «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቆለፍኩ» ካለህ በእንግሊዝኛው «ኤይት ፒ ኤም» ነው። «ቱ» ብለህ ከተውከው ስድስት ሰዓት ስተሃል፣ እና በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ ብዙ ካርቶን ይወጣል። «ትናንት» ያለውንም በቀን ቁጥር ተካው፣ ሪፖርቱ ከወር በኋላ ሊነበብ ይችላልና። ቀኑን ስትጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስታውቅ።

ሪፖርቱን ከመመለስህ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ ጥበቃው ሂድ። «ሁልጊዜ» ያለው ልማዱን ነው። ካርቶኑ የጠፋበትን ምሽት ገና አልነገረህም፣ አንተም አልጠየቅከውም መሰለኝ። «ያን ቀን ማታስ ቆልፈህ ነበር?» በለው። አዎ ካለህ ሁለተኛ መስመር ጨምር፤ «ሂ ኦልሶ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ሃድ ሎክድ ኢት ዛት ኢቭኒንግ»። አላስታውስም ካለህ «ሂ ሴድ ሂ ዲድ ኖት ሪሜምበር» ብለህ እንዳለው ጻፈው።